የሙ ሹ ቂጣ አልላቀቅ አለኝ

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጆቼ ከቻይና ምግብ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሙ ሹን ነው፤ ያ ጥቅል ጎመን፣ እንጉዳይና እንቁላል ከሥጋ ጋር በኃይለኛ እሳት ቶሎ ቶሎ ተጠብሶ በስስ ቂጣ የሚጠቀለለው። ዋናው በአሳማ ሥጋ ነው፣ እኛ ስለማንበላ በዶሮ ነው የምናዘው። አሁን ቤት ልሠራው ተነሣሁ።

ጥብሱ ተሳክቶልኛል። ችግሬ ቂጣው ነው።

2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት በ3/4 ኩባያ የፈላ ውሃ አቦካለሁ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ 30 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። ከዚያ ትንንሽ ድቡልቡል አድርጌ ጠፍጠፍ አደርጋቸዋለሁ፣ ሁለት ሁለቱን መሃላቸው የሰሊጥ ዘይት ቀብቼ ደራርቤ አንድ ላይ እዳምጣለሁ፣ ደረቅ መጥበሻ ላይ አገላብጬ አወጣለሁ። ትኩስ እንዳለ ለሁለት መላቀቅ ነበረበት። የኔ ግን ጠርዙ ይከፈትና መሃሉ ተጣብቆ ይቀደዳል። እንደምንም የተላቀቀውም ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ ሶሱ በልጆቹ እጅ ላይ ይፈሳል።

ዘይት ጨመርኩ፤ ሲዳመጥ በጎን እየወጣ አንዱ ቂጣ ከሌላው ላይ ተንሸራተተ። እሳቱን ቀነስኩ፤ ጭራሽ ደርቆ እንደ ብስኩት ሆነ። እሳቱን ስጨምር ደግሞ ውጪው ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ውስጡ ግን ገና ሊጥ ነው።

እንጀራ ላይ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ፣ የዚህ ግን ምልክቱ ጠፋኝ። ቤታችሁ የምትሠሩት፣ ሳይደርቅና ሳይቀደድ እንዲላቀቅ ከመጥበሻው የምታወጡት ምን ስታዩ ነው?