የዕቅድ ውይይት፦ በስልክ የተላከ ብድርና የ500 ብሩ አንቀጽ

ጸሐፊው፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለፍትሕ ሚኒስቴር የምናስገባው የደብዳቤ ረቂቅ ዐሥራ አንድ ጥያቄ ነበረው። ይህን ሁሉ የሚያነብልን የለም ተብሎ ወደ ሁለት እንዲወርድ ተወስኗል። የትኞቹ ሁለት ይሁኑ?

ቡና አቅራቢው፦ የእኔ የታወቀ ነው። ቡናው ሳይደርስ፣ ክረምት ላይ ለገበሬ የማበድረውን ገንዘብ ድሮ በሁለት ምስክር ፊት ቆጥሬ፣ አስፈርሜ ነበር የምሰጠው። አሁን ጅማ፣ ሒርማታ ገበያ ሱቄ ቁጭ ብዬ በስልክ እልካለሁ። አምና 40,000 ብር ልኬ፣ ኅዳር ላይ እሸት ቡናው ለሌላ ሰው ተሸጠ። ስከስ መጀመሪያ የተጠየቅሁት «ውሉ የት አለ?» ተብዬ ነው። የስልኩን መልእክት ባሳይ ደግሞ ሲም ካርዱ በተበዳሪው ልጅ ስም የተመዘገበ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ሕግ ይውጣልን ብላችሁ ጻፉልኝ።

ጠበቃው፦ ጋሼ፣ ሕጉስ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያዛል። ችግሩ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጎኑ እንደ ነበረ መቀመጡ ነው። በአንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ያኔ 500 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ እንግዳ ምሳ ጋብዘንበት አይተርፍም። አንቀጽ 1727 ደግሞ የጽሑፍ ውል ፊርማና ሁለት ምስክር እንዲኖረው ይፈልጋል። በስልክ ብድር ላይ ምስክሩ ማን ነው?

ሌላም አለ። መልእክቱ ገንዘብ መድረሱን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። ሰውየው «የድሮ ዕዳውን ከፈለኝ» ቢል ምን ይመልሱለታል? ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ሲልኩ ምክንያቱን «ብድር» ብለው ይጻፉ። ጥያቄያችን አዲስ ሕግ ሳይሆን፣ ሁለቱ ሕጎች የሚገናኙበት መመሪያ ይሁን። የ500 ብሩም ጣሪያ ይሻሻል።

የማር ነጋዴዋ፦ ሁላችሁም የምትናገሩት ለአበዳሪው ነው። አማቴ ማንበብ አይችሉም፤ ስልካቸውን የሚነካላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። በወረቀት ቢሆን አንቀጽ 1728 ይጠብቃቸዋል፦ ማንበብ የማይችል ሰው ያኖረው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ስልኩ ላይ ግን «እስማማለሁ» የሚለውን የማን ጣት እንደ ነካው የሚጠይቅ የለም። ውሉ በአፋን ኦሮሞ በድምፅ ይነበብላቸው፤ ከዚያም ራሳቸው በድምፃቸው ይስማሙ። ይህ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ቡና አቅራቢው፦ እህቴ፣ ለእያንዳንዱ 2,000 ብር ድምፅ ስቀዳ ላመሽ ነው?

የማር ነጋዴዋ፦ ለ2,000 አላልኩም። ለ40,000ው ግን ቢቀዱ ኖሮ አምና ባልተንከራተቱም ነበር።

ቡና አቅራቢው፦ እሱስ እውነት ነው። መነሻ መጠን ይቀመጥለትና ይግባ።

ሒሳብ ያዡ፦ የግል መረጃ ጥበቃውን ጥያቄ ከረቂቁ የሰረዛችሁት ለምንድን ነው? አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መታወቂያ ኮፒ እንደ ፈለጉ ማስቀመጥ ቀርቷል።

ጸሐፊው፦ የሰረዝኩት አፍሬ ነው። የሁላችሁም መታወቂያ ፎቶ ከአምና ጀምሮ በዚሁ በቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ አለ፤ አንዱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ አጠፋዋለሁ፤ እናንተም ከየስልካችሁ አጥፉ። ሌላውን ለመጠየቅ ያኔ እንደርሳለን።

እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ የስልክ ብድር ማስረጃነትና የማያነብ ተበዳሪ ጥበቃ። ጠበቃችን እስከ ዐርብ ይጻፉት። ደብዳቤው በኢሜይል ይሄዳል ብዬ ነበር፤ ደውዬ ስጠይቅ ግን ያለ ማኅተም እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። ማኅተሙ ያለው ማን ጋ ነው?

ሒሳብ ያዡ፦ እኔ ጋ። ግን አጋሮ ነኝ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ።