የድሮ ካሜራ ቀለም፦ ክሮሙን ላንሳው ወይስ ከላዩ ልቀባ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሬንጅፋይንደር (ርቀት እየለካ ትኩረት የሚያስተካክል) ካሜራ ነው፤ ሽፋኖቹ ናስ ሆነው ክሮም የተለበጡ ናቸው። ጥቁር ላደርገው ብዬ ለሙከራ የታችኛውን ሽፋን ስፕሬይ ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን በጥፍር ስነካው እንደ ላስቲክ ተላጠ። ክሮሙን ማንሳት ግድ ነው? የተቀረጹት ቁጥሮችስ እንዳይደፈኑ ምን ይደረግ?

መልስ 1፦
ክሮም እንደ መስታወት ልስልስ ስለሆነ ቀለም የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ማንሳቱ ግድ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ባትሞክረው ይሻላል። በአሲድም በኤሌክትሪክም ሲለቅ መርዘኛ ዝቃጭ ይተርፋል፣ መድፊያ የለውም።

ሽፋኑን ለብቻው ፍታ፤ መስኮቶቹና ማዞሪያዎቹ ሁሉ ይውጡ። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካህ እሸው። ብልጭታው ጠፍቶ ወጥ ግራጫ ሲሆን አቁም። ጽሑፉ አካባቢ 600 ተጠቀም፣ እጅህንም አቅልል፤ የፊደሉ ጠርዝ አንዴ ከተበላ አይመለስም። በሳሙናና ሙቅ ውሃ አጥበህ፣ ሲደርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ። ከዚያ ወዲያ ያለ ጓንት አትንካው፤ ቀለሙ ነጥብ ነጥብ እያለ ከሸሸ የጣት ቅባት ነው።

ለክሮም ባለ ሁለት ድብልቅ ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ማያያዣ)፣ አንድ ቀጭን እጅ። አሲድ ያለው ፕራይመር ለተራቆተ አሉሚኒየም ነው የሚጠቅመው፤ ክሮም ላይ ብዙም አይሠራም።

መልስ 2፦
ጽሑፍ የሚደፈነው በቀለሙ ውፍረት ነው። ከ25 ሴ.ሜ. ርቀት፣ በየ10 ደቂቃው፣ ሦስት ቀጫጭን እጅ። የመጀመሪያው እጅ ሥሩ ቢታይም ግድ የለም፤ እዚያው ለመሸፈን መቸኮል ነው ቀለሙን የሚያወርደው። አርቀህ ከረጨህ ደግሞ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ አሸዋ ይመስላል። ቀለሙ ኢናሜል (ቀስ ብሎ የሚጠነክር የዘይት ቀለም) ከሆነ የጣሳውን ጽሑፍ አንብብ፦ ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ ድጋሚ ከተረጨ ይሸበሸባል።

ቁጥሮቹን ለመሙላት በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በስቴኪኒ ጫፍ ጨምር። ትንሽ ሲጠነክር፣ ጠንካራ ካርቶን ላይ በተወጠረ እርጥብ ጨርቅ ላዩን ጥረግ። ለስላሳ ጨርቅ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ቲነር ወደዚያ አይጠጋ፤ የሥሩን ቀለም ይበላል።

መልስ 3፦
ሁለቱም ያልጠቀሱት የማይቀባውን ቦታ ነው። ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበት ፊትና ከሥሩ ያለው ማረፊያ በፕላስተር ይሸፈን። ሌንሱ በ39 ሚሜ ጥርስ በሚጠመዘዝባቸው ካሜራዎች ከቀለበቱ እስከ ፊልሙ 28.8 ሚሜ ነው፤ እዚያ ላይ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛዎች ከተጨመሩ ትኩረቱ ይስታል። የፍላሽ መቀመጫውም ባዶ ብረት ይሁን፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ ነው የሚመለሰው።

ኢናሜሉን ማጠንከር ከፈለግህ 24 ሰዓት አየር ላይ ይደር፣ ከዚያ ምግብ በማይበስልበት ኦቨን ከቀዝቃዛ ጀምረህ 80 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት። በድንገት ካሞቅኸው ውስጡ የቀረው ቲነር ይፈላና ቀለሙ አረፋ ያወጣል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረ፦ የሽፋኑ ጠርዝ ላይ ክሮሙ ተነሥቶ ናሱ ይታያል።

መልስ 1፦
የተነሣው ክሮም እስኪያልቅ እሸው። ጥፍርህን ከናሱ ወደ ክሮሙ ስታሳልፈው ካልተደናቀፈ ይበቃል፤ ኤፖክሲው ሁለቱንም ይይዛል። ከተደናቀፈ ግን ጥቁሩ ቀለም ያንን መስመር አጉልቶ ያሳየዋል።