የቆዩ የሙከራ ፊቸር ፍላጎችን ከኮድ ስለማስወገድ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ላይ አራት ሆነን በምንሠራው፣ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት የሚሄዱ ተጓዦች የጀልባ ቦታ በሚይዙበት መተግበሪያ ውስጥ ለሙከራ ያስገባናቸው ፊቸር ፍላጎች (ኮዱን ሳንቀይር አንድን ተግባር የምንከፍትባቸውና የምንዘጋባቸው ማብሪያ ማጥፊያዎች) 33 ደርሰዋል። አብዛኞቹ ለሁሉም ተጠቃሚ ከተከፈቱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ማን እንደጨመራቸው ስለማናስታውስ ግን ለመሰረዝ እንፈራለን። ከየትኞቹ እንጀምር?

መልስ 1፦
ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው፤ መተዉ ግን ይበልጥ ያስፈራል። በ2012 እ.ኤ.አ. ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ለዓመታት ያልተሠራበትን ፍላግ ለአዲስ ተግባር ሲጠቀምበት፣ አዲሱ ኮድ ባልደረሰው አንድ ሰርቨር ላይ የቀረው አሮጌ ኮድ ነቅቶ በ45 ደቂቃ ገደማ 440 ሚሊዮን ዶላር አሳጥቶታል። ስለዚህ የፍላግን ስም ፈጽሞ ደግማችሁ አትጠቀሙ።

ለሁሉም ከተከፈቱት ጀምሩ። አስቀድማችሁ ፍላጉን የሚጠይቀውን መስመርና የማይሠራውን ቅርንጫፍ (ፍላጉ ዝግ ሲሆን ይሠራ የነበረውን ክፍል) ከኮዱ አውጡ፤ ፍላጉን ከሰርቨር የምትሰርዙት ግን አዲሱ ስሪት በተጠቃሚዎች ስልክ ላይ ከተዳረሰ በኋላ ይሁን፤ አሮጌ ስሪት የያዘ ስልክ ፍላጉን ሲያጣ ወደ መነሻ ዋጋው፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ወደ «ዝግ»፣ ይመለሳልና።

መልስ 2፦
ማን እንደጨመረው የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪክ ይነግራችኋል። ለወደፊቱ የክሮሚየም ፕሮጀክት (የክሮም ድር ማሰሻ መሠረት የሆነው) እንደሚያደርገው እያንዳንዱ ፍላግ ሲፈጠር ባለቤትና የሚያበቃበት ስሪት ይመዝገብለት። ችግር ሲፈጠር ክፍያን ለመዝጋት የተቀመጠ ፍላግ ካላችሁ ግን የሙከራ አይደለምና አትንኩት። በጥምቀት ሰሞን፣ ተጓዥ በሚበዛበት ጊዜ፣ ምንም እንዳትሰርዙ አደራ እላለሁ።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የክፍያውን ለይተን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እናወጣለን።