ለንባብ ክበባችን ስለ ስቶርም የተጻፉ ታሪኮች እፈልጋለሁ፤ ከየትኛው እንጀምር?

ጥያቄ፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ክበብ አለን። ዓምና ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ስድስት የኤክስ ሜን ኮሚክ መጽሐፎች ሰጠን፤ ልዩ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች ቡድን በሥዕል የሚተርኩ ናቸው። ልጆቹ እየተሻሙ አነበቧቸው፤ በተለይ ሴቶቹ ልጆች ስቶርምን ወደዷት። ነፋስና ዝናብ የምታዝ፣ ነጭ ፀጉር ያላት፣ በእናቷ ኬንያዊት የሆነች ጀግና ናት። ግድግዳችን ላይ ሥለው የለጠፉትም እርሷን ነው።

ችግሩ የመጣው ስለ እርሷ ለትምህርት ቤቱ የ40 ደቂቃ ዝግጅት እናቅርብ ባሉ ጊዜ ነው። ስድስቱንም ዕትሞች ዘርግተን እርሷ በምትናገርበት ገጽ ሁሉ ቁራጭ ወረቀት አስገባን። በአንደኛው ዕትም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ትታያለች፤ ወረቀት የገባባቸው ገጾች ግን ሦስት ብቻ ሆኑ። በሦስቱም የምትናገረው ነፋስ ስትጠራ ነው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቶቹን ቆጥራ፣ «እትዬ፣ ግን እርሷ የምትፈልገው ምንድን ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እባካችሁ፣ እርሷ ራሷ ባለታሪክ የሆነችባቸው ዕትሞች የትኞቹ ናቸው? ለአራት ስብሰባ የሚበቃ እፈልጋለሁ። ደግሞ ይህን ያህል የታወቀች ጀግና ከኋላ የምትቆምበትን ምክንያት ለልጆች እንዴት ላስረዳ? ገንዘብ የለንም፤ ኢንተርኔታችንም ይቆራረጣል።

መልስ፦ ኮሚክ ሰብሳቢ፣ ባሕር ዳር

እኅቴ፣ ልጅቱ የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው፤ ዝግጅታችሁን በእርሱ ላይ አቁሙት።

ስቶርም፣ በሙሉ ስሟ ኦሮሮ መንሮ፣ የወጣችው በ1975 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የፈጠሯት ደራሲው ሌን ዊንና ሠዓሊው ዴቭ ኮክረም ናቸው። ወዲያው ክሪስ ክሌርሞንት ተረክቦ እስከ 1991 ድረስ ጻፋት። የእርሷ ምርጥ ታሪኮች የሚገኙት በዚያ ዘመን፣ በራሱ በኤክስ ሜን መጽሔት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በ1976ቱ ቁጥር 102 ጀምሩ። ልጅነቷን የሚተርከው እርሱ ነው። ካይሮ ውስጥ አውሮፕላን ቤታቸው ላይ ወድቆ አባትና እናቷ ይሞታሉ፤ እርሷ ከእናቷ አስከሬን ጋር በፍርስራሹ ሥር ትቀበራለች። ጠባብ ቦታ መፍራቷ የመጣው ከዚህ ነው። ቀጥሎ የ1984ቱን ቁጥር 186 አንብቡ። ከእርሱ በፊት ባለው ዕትም በአንድ መሣሪያ ተመትታ ኃይሏን አጥታለች። ፎርጅ የሚባል ሰው ቤቱ ወስዶ ያስታምማታል፤ ይዋደዳሉም። መሣሪያውን የሠራው ግን እርሱ ራሱ ነው፤ ይህንን እርሷ የምትደርስበት ዘግይታ ነው። የባሪ ዊንዘር ስሚዝ ሥዕል ልብ ይሰብራል። የፍቅር ታሪክ ስለሆነ ለ7ኛ ክፍሎቹ ከመስጠትዎ በፊት አስቀድመው ያንብቡት።

በ1985 የወጣው ቁጥር 198 የዚያው ሠዓሊ ሥራ ነው። ኦሮሮ ኃይሏን እንዳጣች አፍሪካ ትመለሳለች፤ ድርቅ ባለበት መንደር አንዲት ነፍሰ ጡር ታዋልዳለች። አንዲት ጠብታ ዝናብ ማዝነብ አትችልም፤ ሆኖም በዚያ መንደር ከማንም በላይ ታስፈልጋለች። መጨረሻውን በ1986ቱ ቁጥር 201 አድርጉት፤ አሁንም ያለ ኃይል የቀድሞውን መሪ ሳይክሎፕስን ገጥማ የቡድኑን መሪነት ትወስዳለች።

ከአራቱ በሦስቱ መብረቅ እንደሌላት ልብ ይበሉ። አንድ ደራሲ መብረቋን ሲወስድባት ማንነቷን ለመጻፍ ተገደደ።

ስለ ማግኘቱ፦ ነጠላ ዕትም አትፈልጉ፤ ውድ ነው፣ ይጠፋልም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አንድ ላይ የተጠረዙትን ጥራዞች ያምጣ። የጥራዙን ስም ሳይሆን ቁጥሮቹን፣ 102፣ 186፣ 198፣ 201 ብላችሁ ጻፉለት፤ ጥራዞቹ በተለያየ ስም በየጊዜው ስለሚታተሙ በስም የተላከ ሰው ሌላ ይዞ ይመጣል። በእኔ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

መልስ፦ አንባቢ፣ ቡሬ

እኔ ከዚህ እለያለሁ። ስቶርም ወደ ኋላ ተጣለች ለማለት ይከብደኛል። ከ1975 ጀምሮ ከቡድኑ የጠፋችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሳይክሎፕስ በ1980 ቡድኑን ትቶ ሲሄድ መሪ ሆናለች። ተዋናይት ሃሊ ቤሪ በአራት ፊልሞች ተጫውታታለች። በቅርቡም በኮሚኩ ውስጥ ማርስ ላይ ለተቋቋመ አገር ገዥ ተደርጋ ነበር። ስንት ጀግና ተፈጥሮ በሁለት ዓመት ተረስቷል! ልጆቹ መቁጠር ሳይጀምሩ «ተበድላለች» ብለን ብንነግራቸው ፍርዱን አስቀድመን እንሰጣቸዋለን። መጀመሪያ ራሳቸው ይቁጠሩ።

መልስ፦ ሠዓሊ፣ ደንበጫ

መቁጠሩ ጥሩ ነው፤ እንቁጠር። የቡድን ጓደኛዋ ዎልቨሪን ከእርሷ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1974 ወጣ። በስሙ የተጠራ ባለ አራት ዕትም ታሪክ በ1982 አገኘ፤ ከ1988 ጀምሮ ቋሚ መጽሔት ነበረው። ስቶርም የመጀመሪያዋን ባለ አራት ዕትም ያገኘችው በ1996 ነው፤ 21 ዓመት ጠብቃ። በ2006 ስድስት ዕትም ተጨመረላት። ቋሚ ተብሎ የተጀመረላት የመጀመሪያው መጽሔት የ2014ቱ ሲሆን እርሱም በ11ኛው ዕትም ቆመ። ፊልምም እንደዚሁ ነው፤ ለዎልቨሪን በ2009፣ በ2013 እና በ2017 የራሱ ተሠርቶለታል፤ ለእርሷ አንድም የለም። ወንድሜ እንዳሉት ከቡድኑ አልጠፋችም። ይሁንና በሌላው ታሪክ ውስጥ መገኘት ሌላ፣ የራስን ታሪክ ማግኘት ሌላ ነው።

ምክንያቱን ልጆቹ እንዲረዱት በሥዕል ያሳዩአቸው። አንድ ዕትም በአብዛኛው ሃያ ገጽ አካባቢ ነው። ሃያ ባዶ ካሬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይሣሉ፤ የስምንት ሰው ቡድንና አንድ ጠላት ይስጧቸውና ገጾቹን ያካፍሉ ይበሏቸው። ከዚያ አንዷ የቡድኑ አባል በሁለተኛው ገጽ ጠላቱን በመብረቅ መጣል እንደምትችል ይንገሯቸው። የቀሩትን ገጾች በምን ይሞሏቸዋል? የደከመው ደራሲ የሚያደርገውን ያደርጋሉ፤ መጀመሪያ ራሷን ያስቷታል ወይም ጠባብ ክፍል ውስጥ ይዘጉባታል። ያ የካይሮ ፍርስራሽ፣ የአንዲት ሕፃን ቁስል፣ የደራሲ መቆለፊያ ሆኖ ሲያገለግል ማየት ያመኛል።

ሌላው ገበያው ነው። በአሜሪካ ኮሚክ የሚሸጡ ልዩ ሱቆች ዕትሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ብዛቱን ወስነው ያዝዛሉ፤ ያልተሸጠውንም በአብዛኛው መመለስ አይችሉም። ስለዚህ በፊት የተሸጠውን ስም አብዝተው፣ አዲሱን አሳንሰው ያዝዛሉ። ትእዛዙ ሲያንስ አሳታሚው መጽሔቱን ያቆማል፤ ማቆሙ ደግሞ «እርሷ አትሸጥም» ለሚለው ማስረጃ ይሆናል። በጥራዝ የሚያነብ ሰው መኖሩ ሳይታወቅ መጽሔቱ ይዘጋል። ገጸ ባሕርይዋም የአሳታሚው የማርቭል እንጂ የደራሲው አይደለችም፤ አንዱ የጀመረላትን መንገድ ቀጣዩ የመከተል ግዴታ የለበትም። በ2006 ብላክ ፓንተር ከሚባለው ሌላ የማርቭል ጀግና ጋር ሠርግ ተደገሰላት፣ በ2012 ትዳሩ ፈረሰ። በሁለቱም ጊዜ ታሪኩን ያንቀሳቀሰው የሌሎች ጉዳይ ነበር።

በ2024 ናይጄሪያዊው ሙሬዋ አዮዴሌ የጻፈው አዲስ መጽሔት ተጀምሮላታል። ይህንንም ለልጆቹ ይንገሯቸው።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር፣ ሞጣ

ልጄ፣ ኮሚክ አላነብም፤ ጥያቄሽን ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው። ነገሩን ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። በቅኔ ቤት ከጉባኤው የማይጠፋ ተማሪ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ክብ ውስጥ ተቀምጦ ሌላው ሲቀኝ ይሰማል። መምህሩ የሚያውቁት ግን ቅኔውን ቆጥሮ ቀርቦ የነገራቸውን ነው። አንድ ቀን የኔታ ከኋላ የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ በስሙ ጠርተው «አንተ ንገር» አሉት። ልጁ ሲናገር ጉባኤው ጸጥ አለ። ለካስ ሲያጠራቅም ከርሞ ነበር።

ተማሪዎችሽን «ስንት ጊዜ ታየች?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። «የወሰነችው ምንድን ነው? እርሷ ባትወስን ታሪኩ ይለወጥ ነበር ወይ?» በያቸው። በየዕትሙ ይህን ይጻፉ።

መልስ፦ አንባቢ፣ ቡሬ

የመምህሩን መለኪያ እኔ ጋ ባሉት አራት ዕትሞች ላይ ዛሬ ሞከርሁት። በሦስቱ ስቶርምን ባወጣት ታሪኩ አይለወጥም፤ መብረቁን ሌላ ሰው ሊያመጣው ይችላል። የጻፍሁትን አርማለሁ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ሰው ሳገኝ አራተኛውን እልክላችኋለሁ።

መልስ፦ ኮሚክ ሰብሳቢ፣ ባሕር ዳር

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የቁጥር 186ን ታሪክ በ2024 የወጣው የኤክስ ሜን የካርቱን ተከታታይ በሁለት ክፍል ሠርቶታል፤ ማሳየት ከቻላችሁ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ደግሞም ገበሬ ቤተሰብ ላላቸው ልጆች የሚሆን ነጥብ አለ፦ በጥሩ ደራሲ እጅ ስትሆን ኦሮሮ ዝናብ እንደ ልቧ አታዝም። ከአንዱ ቦታ ደመና ስትወስድ ሌላው ቦታ እንዳይጎዳ ትጠነቀቃለች።

ጠያቂዋ፣ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሃያውን ካሬ ትናንት ሰሌዳው ላይ ሣልን። አንደኛው ቡድን ስቶርምን በሦስተኛው ገጽ ራሷን አሳታት፤ ቀና ብለው ሲያዩኝ ሁሉም አንድ ጊዜ ገባቸው።

ስለ ደመናው የተጻፈውንም አነበብሁላቸው። ከጮቄ ሥር የመጣ አንድ ልጅ አለን፤ ባለፈው ነሐሴ የአያቱን ድንች በረዶ መትቶባቸዋል። «ያን ቀን እርሷ ብትኖር በረዶውን ትመልስልን ነበር» አለ። ያችው የ8ኛ ክፍል ተማሪ «መልሳ የት ትጥለዋለች? ቢቸና ላይ?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ኦሮሮ ምን መወሰን እንዳለባት ተከራከሩ፤ ደወሉ ተደውሎ እንኳ አልወጡም። ለዝግጅቱ ይህንኑ ታሪክ ራሳቸው በሃያ ገጽ ሊሥሉት ነው። እስካሁን አራት ገጽ ደርሰዋል፤ አንድም መብረቅ የለበትም።

ከባሕር ዳር ቁጥር 198 ያለበትን ጥራዝ ለሁለት ሳምንት ሊያውሰኝ የሚችል ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። በጋዜጣ ሸፍኜ አስነብበዋለሁ፤ ሳይቀደድም እመልሳለሁ።