ማክቡክ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልና ቪፒኤን እምቢ አለኝ፤ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው

የጓሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው።

የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲዬ ውጭ አገር ነው፤ የመስክ ሥራዬ ግን እዚሁ መንዝ። የመንዝ በግ ላይ ነው የምሠራው። ግልገሎች ሲወለዱና ጡት ሲጥሉ ያላቸውን ክብደት እየመዘገብኩ ነው። መኖሪያዬን ደብረ ብርሃን አድርጌ ወደ መሐል ሜዳ እመላለሳለሁ።

ኮምፒዩተሬ የ2015 ማክቡክ ኤር ነው፤ ወንድሜ ይጠቀምበት የነበረ። ሲስተሙ ሞንተሬይ የሚባለው የማክኦኤስ ስሪት ላይ ቆሟል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ዩኒቨርሲቲው ጋ ሳለሁ የላቡን ኮምፒዩተር ስለምጠቀም ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረብኝም።

ኢሜይላችን ኦፊስ 365 ነው። ማኩ ላይ ባለው ሜይል ላስገባው ስል ፓስወርድ እየደጋገመ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ አያልፍም። በብሮውዘር ስሞክር ፓስወርዱን ይቀበልና ስልኬ ላይ ኦተንቲኬተር የሚባለው የማረጋገጫ አፕ የሚያወጣውን ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ሳስገባ «ትክክል አይደለም» ይላል። አዲስ ኮድ እስኪመጣ ጠብቄ አስገባለሁ፤ እሱንም እንቢ። ይሄው ስልክ፣ ይሄው አፕ እዚያ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮኝ አያውቅም። በቴክስት ላክልኝ ስለው የሚልከው ወደ ውጭ አገሩ ቁጥሬ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሲሙ አይሠራም።

ከውጭ ሆኜ ወደ ዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ የሚያስገባኝን ቪፒኤንም ጭኜዋለሁ። ግን «ሲስተም ኤክስቴንሽን ብሎክድ» ብሎ ይቆማል። ልፍቀድለት ስል የወንድሜን ፓስወርድ ይጠይቀኛል።

አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ፎርማት ይደረግ አሉኝ። የመስክ ፎቶዎቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ስለሆኑ እሺ ለማለት ፈራሁ። አድቫይዘሬ የመጀመሪያውን ትንተና እየጠበቀች ነው፤ ዳታው ያለው ዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ነው። እባካችሁ መላ በሉኝ።

ባሶና ወራና፦

እህቴ፣ ፎርማት እንዳታስደርጊ! ከዘረዘርሽው ውስጥ በፎርማት የሚፈታ አንድም ነገር የለም። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ፤ የመምህራንና የተመራቂ ተማሪዎችን ኮምፒዩተር ሳስተካክል ነው የምውለው። እንዳንቺ ሥራው በእጁ፣ መግቢያው ግን ተዘግቶበት የሚጨነቅ ሰው ሳይ ሆዴን ይበላኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከኮዱ እንጀምር። እሱ ካልተፈታ ሌላው አይከፈትም።

አሁን ስልክሽን አውጪና ሰዓቱን እዪልኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ የሚያሳየው 3፡00 ነው ወይስ 9፡00? 3፡00 ከሆነ ችግሩን አግኝተነዋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ኦተንቲኬተር ኮዱን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ይመስለዋል። አይደለም። አካውንቱን መጀመሪያ ስትመዘግቢ ስልክሽና ሰርቨሩ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ተካፍለዋል። ስልኩ ያንን ቁልፍ ከራሱ ሰዓት ጋር አጣምሮ ኮዱን ያሰላዋል፤ በየ30 ሴኮንዱም ይቀይረዋል። ሰርቨሩም በራሱ ሰዓት ያንኑ ስሌት ይሠራል። ሁለቱ ከገጠሙ ትገቢያለሽ። ኔትወርክ በሌለበት ገጠር እንኳ ኮድ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስልኩ በእጅ ወደ ሐበሻ ሰዓት ከተመለሰ ከትክክለኛው ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። የሚያወጣው ኮድ ጊዜው ያለፈበት ኮድ ነው። ሰርቨሩ ትንሽ መዛነፍ ይታገሣል፤ ስድስት ሰዓት ግን አይታገሥም። ሌላ ኮድ ብትጠብቂም ለውጥ የለውም፣ ያም እኩል የዘገየ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲ መመሪያዎች ይህን አይጽፉትም፤ እዚያ ሰዓቱን በስድስት የሚመልስ ሰው የለም። እኛ ጋ ግን ስልክ የሚሸጠውም፣ ሲም የሚያወጣልሽም፣ ቤት ያለው ታናሽ ወንድምም በቀና ልብ ያስተካክልልሻል።

ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት ግቢና አውቶማቲክ የሚለውን አብሪው። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ካልተገኘ ናይሮቢ ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሐበሻ ሰዓት ማየት ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኚ እንጂ የስልኩን ሰዓት አትንኪ። ማክቡኩንም እዪው። ሲስተም ፕሪፈረንስስ፣ ዴት ኤንድ ታይም፣ እዚያም አውቶማቲክ አድርጊው። የማኩ ሰዓት ከተዛባ የስብሰባ ጥሪዎችሽ ይዘባረቃሉ፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደሉም» እያለ ይከለክልሻል። የዘመን አቆጣጠሩን የኛ ብታደርጊው ግን ምንም ችግር የለውም። ማክ ላንጉጅ ኤንድ ሪጅን ውስጥ ዓመተ ምሕረትን ያውቃል፤ የሚለወጠው የሚታየው ቀን ብቻ ነው።

አንዴ ከገባሽ በኋላ፣ ኢሜይል እንኳ ሳታነቢ፣ አካውንትሽ ውስጥ ሴኩሪቲ ኢንፎ የሚለው ገጽ ላይ ሂጂ። እዚህ የምትይዢውን በ251 የሚጀምር ቁጥር ጨምሪ። ከተቻለ ሌላ መንገድም አክይበት። ስልክሽ መንዝ ገደል ውስጥ ቢወድቅብሽ አካውንትሽ አብሮት መውደቅ የለበትም።

አሁን ሜይል። እንደምገምተው «አዘር ሜይል አካውንት» የሚለውን መርጠሽ ነው ኢሜይልና ፓስወርድ የሞላሽው፤ ፓስወርድ እየደጋገመ የሚጠይቀው በዚያ ሲገባ ነው። ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በፓስወርድ ብቻ ሜይል መሳቡን ለዩኒቨርሲቲና ለመሥሪያ ቤት አካውንቶች እየዘጋው መጥቷል። ፓስወርድሽ ልክ ቢሆንም በዚያ በር አያስገባም። የሞላሽውን አጥፊውና እንደገና ጀምሪ። ሲስተም ፕሪፈረንስስ፣ ኢንተርኔት አካውንትስ፣ ከዚያ ኤክስቼንጅ። ስምሽንና ሙሉ ኢሜይልሽን ጽፈሽ ሳይን ኢን ስትይ ሁለት ምርጫ ይመጣል። ኮንፊገር ማንዋሊ የሚለውን ተዪው፣ ሳይን ኢን የሚለውን ያዢ። ያኔ የዩኒቨርሲቲሽ የራሱ መግቢያ ገጽ ይከፈታል፤ ኮዱንም እዚያው ይጠይቅሻል። የማክ ሜይል ይህን አገባብ ሞሃቪ ከሚባለው ከሞንተሬይ የቆየ ሲስተም ጀምሮ ስለሚያውቅ ሞንተሬይ በቂ ነው።

«ኒድ አድሚን አፕሩቫል» የሚል ገጽ ከመጣ ዩኒቨርሲቲው የማክን ሜይል አልፈቀደም ማለት ነው። ከዚያ ጋር አትታገዪ። ለአይቲ ክፍላቸው ጻፊላቸው፤ እስከዚያው በብሮውዘር ተጠቀሚ።

ቪፒኤኑ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ማኩ አሁንም የሚያውቀው ባለቤት ወንድምሽን ነው። ኤክስቴንሽን ለመፍቀድ የአድሚን ፓስወርድ ግድ ነው። ወንድምሽ ጋ ደውዪ። ፓስወርዱን ከሚሰጥሽ ይልቅ የሚሻለው በሱ ፓስወርድ ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ ውስጥ ገብታችሁ ያንቺን አካውንት አድሚን ማድረግ ነው። ከዚያ ሴኩሪቲ ኤንድ ፕራይቬሲ፣ ጀነራል። ከታች በግራ ያለችውን የቁልፍ ምልክት ተጭነሽ ፓስወርድሽን ስጪ፤ አላው የሚል ቁልፍ ይመጣል። እሱን ተጭነሽ ኮምፒዩተሩን አስነሺው።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ቪፒኤኑን ከዩኒቨርሲቲሽ ገጽ ብቻ አውርጂ። ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈውን፣ «ነጻ ቪፒኤን» የሚባለውንም አትንኪ፤ ፓስወርድሽን ጨምሮ ያለሽን ሁሉ በዚያ በኩል ነው የምታሳልፊው። ሌላው፣ ሞንተሬይ ከ2024 ወዲህ የደህንነት እድሳት አያገኝም። ዩኒቨርሲቲሽ በዚህ ምክንያት ማሽኑን አልቀበልም ሊል ይችላል። ያን ካለ ማኩን ለማታለል አትሞክሪ። በብሮውዘር የሚከፈት የርቀት ዴስክቶፕ ካላቸው ጠይቂያቸው፤ ለአሮጌ ማሽን እሱ ይሻላል።

ሞላሌ፦

እኔም የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር።

ቪፒኤኑን የፈለግሽው አርቲክል ለማውረድም ከሆነ አያስፈልግሽም። የዩኒቨርሲቲሽ ላይብረሪ ገጽ ላይ ገብተሽ ከዚያ ጆርናሉን ክፈቺ። አብዛኞቹ ላይብረሪዎች ከግቢ ውጭ ላለ ተማሪ በብሮውዘር የሚያሳልፍ የራሳቸው መግቢያ አላቸው፤ ያው በኢሜይሉ አካውንት ነው የሚከፈተው። ጆርናሉን በጉግል ፈልገሽ በቀጥታ ከገባሽ ግን «ግዢ» ይልሻል፤ ማን እንደሆንሽ አያውቅማ። ቪፒኤን ለሰርቨሩ ብቻ ይቆይ። ዳታ ጥቅልሽም ይተርፋል፣ ቪፒኤኑ ክፍት ሲሆን ዩቲዩቡም ቴሌግራሙም በዩኒቨርሲቲሽ በኩል ዞሮ ሊመጣ ይችላልና።

የመሐል ሜዳው፦

ወደኛ ስትመጪ የሚገጥምሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክም አብሮ ይደክማል። ትንተናው ሰርቨሩ ላይ እየሄደ መስመሩ ከተቋረጠ አጉል ቦታ ላይ ይቆምብሻል።

ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነና በተርሚናል የምትገቢ ከሆነ፣ እንደገባሽ መጀመሪያ ቲመክስ (tmux) የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቺ፤ ትንተናውን እሱ ውስጥ አስጀምሪው። አብዛኛው ሰርቨር ላይ አለ። ያኔ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ማኩን ብትዘጊው፣ ባትሪው ቢያልቅ ሥራው እዚያው ይቀጥላል። ነገ ስትገቢ ካቆምሽበት ታገኚዋለሽ። እኔ የማሳ ካርታ ትንተና ማታ አስጀምሬ እተኛለሁ፤ ጠዋት ውጤቱ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

የምትገቢበት የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ ከሆነም ስትወጪ ሳይን አውት አትበዪ፤ መስኮቱን ብቻ ዝጊው። ሳይን አውት ካልሽ የከፈትሽው ሁሉ ይዘጋል። ዲስኮኔክት ከሆነ ግን ፕሮግራሙ መሄዱን ይቀጥላል።

በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሚ ከሆነ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ አድቫንስድ ገብተሽ አዲስ እድሳት በራሱ እንዳያወርድ አጥፊው። አይክላውድ ፎቶሽንም አስቁሚው፣ የመስክ ፎቶ ጥቅልሽን ቁርስ ነው የሚያደርገው። ትላልቅ አባሪዎች ያለፈቃድሽ እንዳይወርዱ ሜይል ውስጥ አካውንትሽ ላይ ዳውንሎድ አታችመንትስ የሚለውን ነን አድርጊው።

የጓሳ ልጅ፦

ሰዓቱ ነበር! ጋሼ ባሶና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኬ ልክ እንዳሉት 3 ሰዓት ይል ነበር። እዚህ ሲም ሲያወጣልኝ የነበረው ልጅ ነው ያስተካከለልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀብዬው ነበር። አውቶማቲክ ሳደርገው የመጀመሪያው ኮድ ገባ። ኤክስቼንጅ ብዬ ሳስገባ ሜይሉም ተከፈተ፤ ከአድቫይዘሬ የመጡት ሁሉ ተደርድረው አገኘኋቸው። አዲሱን ቁጥሬንም መዝግቤያለሁ።

ወንድሜ ማታ ደውሎ አብረን አድሚን አደረግነው። ቪፒኤኑም አላው ከተባለ በኋላ ተገናኘ። አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው። በተርሚናል ለመግባት ስሞክር «የዚህን ሰርቨር ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አሳየኝና ልቀጥል ወይ ይለኛል። የስ ልበለው?

ባሶና ወራና፦

ተመስገን! በጣም ደስ ብሎኛል።

አሁን ዝም ብለሽ የስ አትበዪ። ያ ረጅም ድርድር የሰርቨሩ የጣት አሻራ ነው። ማክሽ ይህን ሰርቨር አይቶት ስለማያውቅ ነው የሚጠይቅሽ፤ ለመጀመሪያ ቀን የተለመደ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትክክለኛውን አሻራ መመሪያ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል። አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ አስተያዪው። ካልተለጠፈ አሁን ኢሜይልሽ ስለተከፈተ ለአይቲ ክፍሉ ጻፊና ይላኩልሽ። ከገጠመ የስ በዪ፤ ሁለተኛ አይጠይቅሽም።

ሌላ ቀን «የሰርቨሩ አሻራ ተለውጧል» የሚል በትልቅ ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ከመጣብሽ ግን እዚያው ቁሚ። ፓስወርድ አትጻፊ። ሰርቨሩን ቀይረውት ሊሆን ይችላል፤ መሐል ላይ የገባ ሰውም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ በኢሜይል ጠይቂያቸውና መልሳቸው ሲመጣ ግቢ።

የሚያስቸግርሽ ነገር ካለ የመጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። ስምሽንና ኢሜይልሽን ግን ሸፍኚው።