የ2004 ዊስኮንሲን ኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንቲም) ላይ ትርፍ ቅጠል አየሁ፤ የፋብሪካ ስህተት ነው ወይስ ጭረት?

ካሸሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ዝርዝር ሳንቲም ማገላበጥ ልማድ ሆኖብኛል። ትናንት የ2004 ዊስኮንሲን ኳርተር አገኘሁ፤ ላም፣ ቺዝና በቆሎ ያለበት። (የራሴን ኳርተር ተክቼ ነው ያወጣሁት!) ከበቆሎው በስተግራ ትንሽ ጎበጥ ያለች መስመር አለች። ሌሎቹ ላይ የለችም። አንድ ፔኒም (ባለ 1 ሳንቲሟ) አለኝ፣ ዓመቱ የተጻፈበት ቁጥር ድርብ የሚመስል። በኮምጣጤ ላጥባቸው ነው፣ ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ፍራንክ፦ ኧረ በእናትሽ! ኮምጣጤውን ለሰላጣ ተይው። የታጠበ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። ኳርተሩን ገልብጪና ዋሽንግተን ያለበትን ጎን እዪ፤ ከፀጉሩ ኋላ ያለችው የታተመበትን ከተማ የምትጠቁመው ፊደል ዲ (D፣ ዴንቨር) መሆን አለባት። ዴንቨር ከታተሙት ላይ ነው ይህ ስህተት የተገኘው። ፒ (P፣ ፊላደልፊያ) ከሆነ ተራ ጭረት ነው። ትርፉ ቅጠል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ላይ ተቀስሮ ትልቁን ቅጠል ይነካል፣ ሌላው ወደ ቺዙ ያጎነብሳል። ደግሞ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ማኅተሙ (ምስሉን ሳንቲሙ ላይ የሚመታው ብረት) ላይ የነበረ ጉድለት ሳንቲሙ ላይ አብጦ ይወጣል፤ ኪስ ውስጥ የተጫረ ግን ይሰረጉዳል።

ሚዛኑ፦ ስለ ፔኒው ብዙ አትጓጊ። አብዛኛው ድርብ የሚመጣው ማሽኑ ሲመታ ማኅተሙ ትንሽ ሸርተት ስለሚል ነው። እንዲህ ያለው ድርብ ጠፍጣፋ ነው፣ ቁጥሩ ጎን እንደ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ዋጋም የለው። ማኅተሙ ራሱ ድርብ ሆኖ ከተሠራ ግን ሁለቱም ቁጥሮች ሙሉ ቅርጽ አላቸው። የ1955ቱን ታዋቂ ፔኒ ፎቶ ፈልጊና አስተያዪ፤ ያለ ማጉያ መነጽር ይታያል።

የዴንቨሩ፦ እኔ የተሸወድኩትን ልንገርሽ። ጠርዙ ወፍሮ ዙሪያውን የተጠቀለለ ኳርተር አግኝቼ ሦስት ወር በጥጥ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ለካ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ተወትፎ ሲሽከረከር የከረመ ነው! ትንሽ የኩሽና ሚዛን ግዢ። ደህና ኳርተር 5.67 ግራም ነው። አንዱ ጎኑ እንደ መዳብ ቀይ ሆኖ ክብደቱም ከአምስት ግራም በታች ከወረደ፣ ያኔ የፋብሪካ ስህተት ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

ካሸሯ፦ ጋሼ፣ ዲ ነች! ቅጠሏም አብጣለች፣ ወደ ቺዙ ታጎነብሳለች። ስንት ታወጣለች?

ጋሽ ፍራንክ፦ እንኳን ደስ አለሽ! ከ25 ሳንቲም ብዙ እጥፍ ታወጣለች፣ ግን እጅ ለእጅ ስትዞር የከረመች ስለሆነች መኪና አትገዛልሽም። ጠርዟን ይዘሽ ፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ክተቻት። ለመሸጥ ካሰብሽ ሁለት ሦስት ነጋዴ ጠይቂ።

ካሸሯ፦ አመሰግናለሁ። ፔኒዋ ባለ ደረጃዋ ሆና ተገኘች፤ ዛሬ ጠዋት ለደንበኛ መልስ ሰጠኋት።