ማነጻጸሪያው ጉድጓድ ራሱ ተበክሎ ይሆን?

የተከበራችሁ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዎች፣

እንደ አዲስ አበባው ቆሼ ሁሉ፣ ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ ሳይነጠፍለት በቆየው የከተማችን ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ ከ4 የመከታተያ ጉድጓዶች ናሙና የምወስድ ስሆን፣ ለማነጻጸሪያ ተብሎ ከመጣያው ሽቅብ የተቆፈረው ጉድጓድ ከመጣያው ቁልቁል ካሉት ጉድጓዶች የበለጠ ክሎራይድ (የጨው አካል የሆነ ንጥረ ነገር) በማሳየቱ ግራ ተጋብቻለሁ። ናሙና ከመውሰዴ በፊት በጉድጓዱ የቆመውን ውሃ 3 እጥፍ ያህል ቀድቼ አፈስሳለሁ። ከዚሁ ጉድጓድ 20 እርምጃ ያህል ርቀው መጸዳጃ ቤቶች አሉ፤ ከመጸዳጃ ፍሳሽ ሊመጣ የሚችለው ናይትሬትም በውሃው ከፍ ብሏል። ቁልቁል ባሉት ግን የሚበዛው አሞኒያ ሲሆን፣ ሲቀዳ የጠራው ውሃ ጥቂት እንደቆየ በጠርሙሱ ውስጥ የዝገት መልክ ይይዛል። የብክለቱ ምንጭ መጣያው ይሁን መጸዳጃ ቤቶቹ ለመለየት፣ በውሃው ውስጥ ያሉት የክሎራይድና የብሮማይድ (ሌላው የጨው አካል) መጠን ንጽጽር ይበቃኛል ወይስ ቦሮን የተባለውን ንጥረ ነገርም ላስመርምር? ከታች ያሉ ቤተሰቦች ዛሬም የጉድጓዳቸውን ውሃ ስለሚጠጡ፣ አዲሱ ማነጻጸሪያ የት ቢቆፈር እንደሚሻል ጭምር እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።